መጋረጃ የለበሰው ልጅ

መላዊ አጠገብ፣ ከቤት
ኅዳር 8 ቀን 1695 ዓመተ ሰማዕታት

ይድረስ ለወንድሜ ለአባ ዊሳ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? የበረሃው ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። መነኩሴን አንቱ ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ቀሲስ ሰራባሙንም ደጋግመው ነግረውኛል። ግን አፍንጫህን የጠረግኩልህ እኔ ነኝ፤ ዛሬ ደግሞ አንቱ ለማለት አቅሙም የለኝ።

ስለቆየሁብህ ይቅር በለኝ። ደብዳቤ በላይ በላዩ ልከህ አንድም አልመለስኩልህም። በሁሉም ላይ አንድ ነገር ትጠይቀኛለህ፤ አባባ አሁንም ቤተልሔም ይወርዳል ወይ፣ አሁንም ኅብስቱን ይጋግራል ወይ እያልክ። ከፋሲካ ወዲህ አልጋገረም። የዳግም ትንሣኤ ዕለት ሊጡ ውስጥ ጨው ጨመረበት። ማን? አባባ። ከአባቱ ተቀብሎ ዕድሜውን ሙሉ መዝሙረ ዳዊት እየደገመ ያለ ጨው ያቦካ ሰው። ጾመኛ ስለሆነ ሊጡን አይቀምስም፤ ማን ይወቅ? ቅዳሴው አልቆ ለበረከት የሚታደለውን ትርፉን ኅብስት አፋችን ስናደርግ ነው ያወቅነው። መንደሩ በሙሉ ጨዉን ውጦ ዝም ብሎ ወደየቤቱ ሄደ። ሰኞ ቀሲስ ሰራባሙን መጥተው የቤተልሔሙን ቁልፍ ለመኑት፤ እሱም የምን ቁልፍ እንደሆነ ሳይጠይቅ ሰጣቸው።

ማስታወስ ትቷል፣ ናሲፍ፤ አባ ዊሳ ማለቱ አልለምድልኝ አለ፣ በቤት ስምህ ልጥራህ። የዛሬውን ይረሳል፣ የድሮው ደግሞ ይደባለቅበታል። ልጽፍልህ እየተነሣሁ አፈርኩ። ምን እንደሚያሳፍር ግን አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጠዋት ጠዋት ፉሉን ሳቀርብለት፣ «ፌብሮንያ፣ እግዚአብሔር ማነው?» ይለኛል። መጀመሪያ የሚፈትነኝ መስሎኝ እንደ ልጅነታችን አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ፣ አንድ አምላክ ብዬ መለስኩ። «ስሙንማ አውቃለሁ። ምን ዓይነት ነው ነው ያልኩሽ» አለኝ። በማግሥቱም ጠየቀኝ፤ ዛሬም ጠየቀኝ።

አንተ ለጀማሪ መነኮሳት ስለ እግዚአብሔር የምታስተምር ሰው ነህ። እስቲ ግልጽ አድርገህ ጻፍልኝ፤ ለሚረሳ ሰው በሚሆን ቋንቋ። ደግሞ ለእሱ ብቻ እንዳይመስልህ። እኔም ደክሞኛል። ቅዳሴ ላይ እቆማለሁ፣ አፌ ይመልሳል፣ እኔ ግን እዚያ የለሁም።

እህትህ ፌብሮንያ

* * *

ከገዳም
ኅዳር 19 ቀን

ለእታለም ፌብሮንያ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽን ተሳላሚዎች ይዞ የመጣው የአውቶቡስ ሾፌር ሰጠኝ። ተከትሎ የመጣው ብጣሽ ወረቀትሽም ደርሶኛል። ጨው። እኔ አንዴ ገና ልጅ ሆኜ ጨው የያዘ እቃ ይዤ ቤተልሔም ብገባ አባባ በዚያ ቀጭን አርጩሜ አባሮኝ ነበር፤ ታስታውሻለሽ።

በብጣሿ ወረቀት የጠየቅሽኝን አስቀድሜ ልመልስ፤ መምጣት አልችልም። ጨክኜ አይደለም። የዚህ ገዳም መነኩሴ ለዘመድ ለቅሶ እንኳ አይወጣም። ይህን ስትሰሚ ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን አውቀዋለሁ።

ለአባባ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ለተማሪዎቼ የማይታይ፣ የማይወሰን፣ የማይለወጥ ነው እላቸዋለሁ፤ እነሱም ይጽፋሉ። ለአባባ ግን ይህን በይው። ፀሐይን ትክ ብሎ ያያት የለም። ሊጡን ደጅ ስናሰጣው ኩፍ የምታደርገው ግን እሷ ናት። እግዚአብሔርንም የምናውቀው በሚሠራው ነው። ያመረረበት ቀን ካለ ደግሞ እግዚአብሔር ፍቅር ነው በይው። ከዚህ የቀለለ አላገኘሁም።

ይህን ስጽፍ ከእጅጌዬ ሥር አንጓዬ ላይ የተነቀሰችው ያቺ ጠማማ መስቀሌ ትታየኛለች። በልጅነቴ በክብረ በዓሉ ሜዳ ላይ አባባ ክንዴን ጭኑ ላይ ይዞ፣ ነቃሹ ሲወጋኝ ብስበው አንዱ ክንፏ ረዝሞ የቀረው። ወንድሞች ያዩዋታል፣ ይስቁብኛል።

እኔም ደክሞኛል፣ እታለም። ጸልዪልኝ።

አባ ዊሳ

* * *

ከቤት
ታኅሣሥ 2 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንዴት ነህ? የላክኸው ቅብዐ ቅዱስ ደርሶኛል፤ ግንባሩን ቀባሁለት። ጾሙ እንዴት ይዞሃል አልልህም፤ አንተ ዓመቱን ሙሉ የምትጾም ሰው ነህ።

አነበብሽለት ወይ ላልከኝ፣ አዎ፣ አነበብኩለት። የመጀመሪያውን ገጽ እየሰማ እንቅልፍ ወሰደው፤ ቀናሁበት። ሲነቃ የፀሐይዋን ነገር ደገምኩለት፤ እሷን ወደዳት። ሁለቴ አስደገመኝና፣ «እውነቱን ነው። በሚሠራው አውቀዋለሁ። አንድ ልጄን ወሰደ፤ በዚህ አወቅኩት» አለኝ።

የደበቅኩህ ይህንን ነው። ብጽፍልህ እንዴት ትችለዋለህ ብዬ። አባባ ሞተሃል ብሎ ያምናል።

የመነኮስክ ዕለት እሱም ነበረ። መሠዊያው ፊት ስትተኛ፣ በመጋረጃ ሲሸፍኑህ፣ የሙታን ጸሎት፣ ፍትሐቱን፣ ሲደርሱልህ ቆሞ አይቷል። ያንን አልረሳውም። ከዚያ በኋላ መነሣትህን፣ ቆቡን መድፋትህን፣ ውጭ አብረን ሻይ መጠጣታችንን ግን ረሳው። የተረፈው መጋረጃው ብቻ ነው። «ሲፈቱት በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። መነኩሴ ሆኖ ነው፣ በሕይወት አለ፣ ደብዳቤውም ይኸው ስለው፣ «የሞተ ሰው አይጽፍም። በእኔ ሐዘን አታላግጪ» ብሎ ተቆጣኝ። አባባ ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር።

ጎረቤታችን የጊርጊስ እናት ልትጠይቀው መጥታ «ልጄ ሞተ» ቢላት፣ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝና «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብላው ወጣች። ምን ታድርግ? ሌሎቹም ሰምተው መምጣት ጀመሩ። ሟች ሳይኖር ለቅሶ ተቀመጥን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ በሞትኩ።

የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ አይደለም። መቁረብ እምቢ አለ። ቀሲስ ሰራባሙን ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅዱስ ቁርባኑን ቤት ድረስ አመጡለት፤ አፉን ግጥም አደረገ። «ልጄን የወሰደ እጅ እንዲያጎርሰኝ አልፈልግም» አላቸው። እሳቸውም ብዙ ቆመው ተመለሱ። ሐኪሙ ሳንባው ውኃ ቋጥሯል ይላል፤ ሌሊቱን ተቀምጦ ነው የሚያነጋው። ተጣልቶ ቢሄድብኝስ፣ ናሲፍ? ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፎ ቢሄድብኝ እኔ ምን ብዬ እኖራለሁ?

ደብዳቤህ ላይ ፍቅር ነው ያልከውን አላነበብኩለትም። አፌ እምቢ አለኝ።

ፌብሮንያ

* * *

ከገዳም
ታኅሣሥ 14 ቀን

ለእታለም፤

አልተቀየምኩም። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም ብዬም አልቆጣሽም። እኔም ለአንቺ ያልነገርኩሽ አለ፤ ያን ዕለት ከመጋረጃው ሥር ሆኜ የአባባን ለቅሶ ሰምቼዋለሁ። ጸሎቱ መሐል ሳግ ይዞት፣ ዲያቆኑ ቀስ ብሎ «አባት፣ ይህ ደስታ ነው» ሲለው ሰምቻለሁ። እሱ ግን አላቆመም። ደስታ ነው ሲሉት እሺ ብሎ ያለቅስ ነበር። አሁን ሳስበው ከሁላችንም በትክክል ያየ እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ሞቷል አሉት፣ አመነ።

ብጾም ብሰግድም ቃል የሚመጣልኝ አልሆነም። ጸሎት ቤት እገባለሁ፣ እቆማለሁ፣ እወጣለሁ። ተማሪዎቼ ፊት ስለማይለወጠው አምላክ እያወራሁ ሐሳቤ አባባ የገጠመው አፍ ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ። እንዲህ በይው፦ እግዚአብሔርም አንድ ልጁን ሰጥቷል። ልጁ ሲሞት ያየ አባት ነው። ስለዚህ የአንተን ሐዘን ከውጭ ሆኖ አያየውም፤ ያውቀዋል። ይህን እንደ ትምህርት አትንገሪው፤ አጠገቡ ተቀምጠሽ እንደ ወሬ ጣል አድርጊለት። እኔም አምኜበት ነው የምጽፈው፤ ወይም ላምንበት እየጣርኩ ነው።

ለልደት የሚሆን ተምር ልኬያለሁ። ፍሬውን አውጥተሽ አለስልሰሽ ስጪው።

አባ ዊሳ

* * *

ከቤት
ታኅሣሥ 30 ቀን

ናሲፍ፤

እንኳን አደረሰህ። ተምሩ ደርሷል። አጭር ነው የምጽፍልህ።

ነገርኩት። ልክ እንዳልከው አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ስፌቴን እየሰፋሁ፣ እንደ ወሬ። እንባው መጣ። ተሳካልን ብዬ መርፌውን አስቀመጥኩ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ «የእሱ በሦስተኛው ቀን ተመለሰለት። የእኔስ?»

በል መልስ ስጠኝ። ይህን የሚመልስ መጽሐፍ ካለህ ቀድደህ ላክልኝ። እኔ የለኝም። ቀሲስ ሰራባሙንን ብጠይቃቸው አቀርቅረው ጢማቸውን ያሻሉ።

ትናንት ልደት ነበር። በየቤቱ ሥጋው ሲሸት አባባ አንድ ጉርሻ ቀምሶ መለሰልኝ። ቅዱስ ቁርባኑን አሁንም መለሰ። በእኔ ላይም ተራው ደረሰ መሰለኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ወደ ምስሉ ቀና ብዬ «የእሱስ?» አልኩ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩና ቤቴ ገባሁ።

ከእንግዲህ ደብዳቤ አላነብለትም። ግልጽ አድርገህ ጻፍ አልኩህ፤ ተሳስቻለሁ፣ አትጻፍ። ና። ሥርዓታችሁን አውቃለሁ፣ ነግረኸኛል፤ ሁለተኛ አትንገረኝ። ና።

ፌብሮንያ

* * *

ከገዳም
ጥር 9 ቀን

ለእታለም፤

አበምኔቱን ፈቃድ ጠየቅኳቸው። «ሞተሃል ብለን ጸልየንልሃል። የሞተ ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ ዛሬ ሰማሁ» ብለው ሳቁብኝ፤ አልፈቀዱም። ደብዳቤሽን ሰጥቻቸው ወጣሁ። ለሠርክ ጸሎት ስንገባ መልሰው ሰጡኝ። የአባባን ቃል ይመስለኛል ብዙ ጊዜ ያነበቡት፤ ወረቀቱ እዚያ ላይ ታጥፏል። «ከጥምቀት በኋላ ሂድ። ቶሎ ተመለስ። ምንም አታስተምር» አሉኝ።

ቅዳሜ እደርሳለሁ። መምጣቴን አትንገሪው። ለጎረቤትም አትንገሪ፤ ሰው ተሰብስቦ እልል እንዳይል።

ምን እንደምለው አላውቅም። መንገዱ ረጅም ነው፣ አስብበታለሁ።

ዊሳ

* * *

ከገዳም
ጥር 27 ቀን

ለእታለም፤

በሰላም ገብቻለሁ። የጋገርሽልኝን የፀሐይ ዳቦ ለወንድሞች አካፈልኩ፤ ቁራሽ ደብቄ አስቀርቻለሁ፣ ይህንንም ልናዘዝ ነው።

«እኔ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ምን ተባባላችሁ፣ ስመለስ ለምን ሁለታችሁም ታለቅሱ ነበር?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ያኔ ልነግርሽ አፌ አልታዘዝ አለኝ። አሁን ልሞክር።

አላወቀኝም። ይህን አይተሻል። አልጋው ላይ ቀና ብሎ፣ «አባ፣ እንኳን ደኅና መጡ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቤታችን ሐዘን ላይ ነው» አለኝ። አንቱ አለኝ፣ እታለም፤ አንቺ እንኳ እምቢ ያልሽውን። ሊያጽናኑት ከመጡት አንዱ መሰልኩት። በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ አሳምሬው ነበር። ልጀምር ስል፣ «ልጄም እንደ እርስዎ ረጅም ነበር» አለኝና የተዘጋጀው ሁሉ ጠፋኝ።

ከዚያ እንደ ማንኛውም ምእመን እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። እኛ ደግሞ ትሕትና ነው ብለን ሰው እጃችንን ሊስም ሲል እንስባለን፤ ልማድ ሆኖ ሳብኩት። እጅጌዬ ተሰበሰበ። አባባ አንጓዬን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። ያ ጉልበት ከየት እንደመጣለት አላውቅም። «አትሳብ፣ ይጣመማል» አለኝ። ልክ ያኔ በክብረ በዓሉ ሜዳ እንዳለኝ፣ በዚያው ድምፅ። ከዚያ ጣቱን አምጥቶ የረዘመችውን ክንፍ ዳበሳት። ሄደ፣ መለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«ናሲፍ» አለኝ።

«አቤት አባባ።»

«ሞተህ ነበር።»

«አዎ።»

«ሲፈቱህ አይቻለሁ።»

«አዎ አባባ፣ ነበርክ።»

«ተነሣህ?»

ስለ ትንሣኤ ለተማሪ የማስተምረው እኔ ነኝ። ይህ ምሳሌ ነው፣ ያ ደግሞ ሥርዓት ነው እያልኩ ለያይቼ አስረዳለሁ። አባባ አንጓዬን እንደያዘ ፊቱን አየሁት። እንደዚያ ዓይነት ፊት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። «አዎ፣ ተነሣሁ» አልኩት። ያኔ ነው የገባሽው።

በማግሥቱ ሲቆርብ አጠገቡ ነበርሽ፤ እሱን አልነግርሽም።

ከተመለስኩ ወዲህ ሲቆረቁረኝ ሰነበተ። ዋሸሁት ይሆን? እምነቱ የቆመው በእኔ ውሸት ላይ ይሆን? ለአበምኔቱ ተናዘዝኩ። «ታዲያ ምን ልትለው ኖሯል?» አሉኝ። ድካሙ አልለቀቀኝም። ጸሎት ቤት ስቆም ግን አሁን የማስበው ፊት አለኝ።

አባባስ እንዴት ሆነ? ያስታውሳል? እውነቱን ጻፊልኝ፤ ደኅና ነው አትበዪኝ።

ናሲፍ

* * *

ከቤት
የካቲት 10 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለናሲፍ፤

እንዴት ነህ? እዚህ የየካቲት ነፋስ ጀምሯል፤ አቧራው በር ቢዘጋም ይገባል፣ ወጥ ላይ ሳይቀር ነው። የቆየሁት ነፋሱ አውቶቡሱን ስላስቀረው ነው፤ ይህ ውሸት አይደለም።

እውነቱን ጻፊ ብለሃል። በሄድክ በሦስተኛው ቀን ረሳህ። ጠዋት ፉሉን ሳቀርብለት ትክዝ ብሎ፣ «ፌብሮንያ፣ ልጄ እኮ ሞተ» አለኝ። ሳህኑን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣህበት፣ አበምኔቱ የፈቀዱበት፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት እንዳልነበረ ሆነ። ብቻዬን ብሆን ሳህኑን እሰብረው ነበር።

ደክሞኝ ስለነበር ማስረዳቱ አላሰኘኝም። መነኩሴ ነው፣ ሥርዓት ነው፣ ምናምን አላልኩም። «አዎ ሞቷል። ከዚያ ግን ተነሥቷል» አልኩት። ዝም ብሎ የወጣልኝ ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን አየው?»

«አንተ።»

«እኔ?»

«አንተ ነህ እንጂ። እዚሁ አልጋ ላይ ሆነህ።»

ግድግዳውን እያየ አሰበ። ታውቀዋለህ፣ ሲያስብ ሊጥ እንደሚያቦካ እጁን ጭኑ ላይ ይገፋል። ከዚያ፣ «ነካሁት?» አለኝ።

«ነካኸው። አንጓውን ይዘህ መስቀሉን በጣትህ ዳበስከው።»

«የትኛውን ክንፍ?»

«የረዘመውን።»

«እንግዲያው እውነት ነው» አለና ዳቦውን ከእጄ ወስዶ ቆረሰ። በላ። አላስታወሰም፣ ናሲፍ። ምንም አላስታወሰም፤ ዓይኑን አይቻለሁ። ነክተሃል ስላልኩት አመነ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንዲሁ ነው። ያዝናል፣ እነግረዋለሁ፣ ማን አየው ይላል፣ አንተ እላለሁ። የትናንቱን ይዞ ዛሬ ቢከራከረኝ እንኳ ምን አለበት እላለሁ፤ ግን በየቀኑ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው። ያቺ የጌታ መቃብር ደርሳ የተመለሰችው ሴት መነሣቱን አንዴ ተናግራ አረፈች። እኔ በየቀኑ ነው የምሮጠው፣ ያውም በዚህ ጉልበቴ። እሑድ እሑድ ቀሲስ ሰራባሙን ይመጣሉ፣ ቀድሜ እነግረዋለሁ፣ አፉን ይከፍታል። ሐኪሙ ብዙ አይቆይም ብሏል። ሰሞኑን ትንፋሹ አጥሯል፤ ይህንንም አልደብቅህም። ተኳርፎ ግን አይሄድም።

እግዚአብሔር ማነው ማለቱን ትቷል። እኔ ግን አልተውኩም። ግልጽ ሆነልሽ ወይ ብትለኝ አልሆነልኝም። ቅዳሴ ላይ አሁንም ደክሞኝ ነው የምቆመው። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ትናንት ምእመናን ስለ ትንሣኤው ሲመልሱ አፌ እንደ ልማዱ ተከፈተና፣ በልቤ «ማን አየው?» አልኩ። ነካሁት ወይ? መቼም እኔም ረስቼው ይሆናል፤ ከአባባ በምን እበልጣለሁ? ረስቼው ከሆነ የነገረኝን ሰው ላምነው እችላለሁ ብዬ እስከ መጨረሻው ቆምኩ።

ማሳል ጀምሯል፣ ነቅቷል ማለት ነው። ፉሉ እሳት ላይ ነው። ሄጄ ልንገረው።

እህትህ ፌብሮንያ